ሽር ጉዱን ከኅዳር ጀመርኩት

የ2015ን ገና ተኝቼ ነው የዋልኩት። ታምሜ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ባለቤቴ ወጡን ራሱ እያወጣ፣ እኔ ጓዳ ካለችው አልጋ ላይ ነጠላዬን እንደለበስኩ ጭልጥ። ልጆቹ ሁለቴ ሊቀሰቅሱኝ ሞክረው ነበር አሉ። ስነቃ መሽቷል። እንግዳው ሄዷል። ከሁለት ዶሮ የተረፈችልኝ አንዲት ክንፍና ግማሽ እንቁላል ናት፣ እሷም የአረረ ትሸታለች።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ገና አልፏል። አሁን መሥሪያ ቤት ያሉ ሴቶች ታኅሣሥ 27 ላይ ቡና ስጠጣ ሲያዩኝ «አንቺ በዓል የለብሽም እንዴ?» ይሉኛል። አለብኝ። ግን ከኅዳር ጀምሬ ቁርጥራጩን ስለጨረስኩት ነው። እንዴት እንደሆነ ደጋግሜ ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ለመጪው ኅዳር ይሆናችኋል። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ከእያንዳንዱ ዓመት አንድ ስህተት ይዤ ነው የመጣሁት፣ ያለፈው ገና ስህተት ደግሞ ገና አላለቀም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ የ2014ን ልንገራችሁ። የዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ አቅጣጫ ሲመጣ፣ ሸዋ ሮቢት የምትኖረው እህቴ ልጆቿን ይዛ፣ ጣርማ በርን አቋርጣ፣ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ገባች። ዘጠኝ ሰው ሆነን በሁለት ክፍል ከረምን። የገና ዝግጅት የሚባል ነገር በማንኛችንም አፍ አልገባም። በዋዜማው ድፎ ዳቦ ደፋን፣ ሽሮ ሠራን፣ ጎረቤቴ በሳህን ዶሮ ወጥ ላከችልን፣ ዘጠኝ ሰው ተቀራመትናት። ልጆቹ ከባሕር ዛፍ የገና ዱላ ቆርጠው፣ ከጨርቅ ሩር ጠቅልለው ሜዳው ላይ ሲራኮቱ ዋሉ። እኔና እህቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ስናወራ ዋልን። እውነቱን ለመናገር ደህና ገና ነበር። ግን ያኔ እንደዚያ አላየሁትም፣ እንደ ጉድለት ነው የቆጠርኩት።

እና በ2015 የአምናውን ልካስ አልኩ። በሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው፣ ታኅሣሥ የሥራ ጥድፊያ አለው። ታኅሣሥ 27 አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከቢሮ ወጥቼ ስድስት ኪሎ ሽንኩርት፣ ሁለት ዶሮ፣ ሠላሳ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ቄጤማ፣ ኮባ፣ ለልጆች ጫማ፣ ሁሉንም በአንድ ምሽት ገዛሁ፣ ያውም ሰው ሁሉ ገበያ በወጣበት ሰዓት፣ ዋጋው ጣራ ነክቶ። ሌሊቱን ሽንኩርት ስከትፍ አነጋሁ። በ28 መጋረጃ አጠብኩ፣ እንጀራ ጋገርኩ፣ ቅቤ አነጠርኩ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ቁሌቱን ወደ ከሰል አወረድኩት። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ማማሰያውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። የቀሰቀሰኝ ሽታው ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን አፍስሼ እንኳ አልለቀምኩም፣ ከላይ ከላዩን ቀድቼ ወደ ሌላ ድስት አዛወርኩትና ሰው ላይ አቀረብኩት። አማቴ ከጫጫ ድረስ መጥተው ነበር። አንድ ጉርሻ ጎረሱና «ልጄ፣ በከሰል ነው እንዴ የሠራሽው? ጭስ ጭስ ይላል» አሉኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሌላ አልጨመሩም።

በ2016 ቆርጬ ተነሣሁ። ካላንደሩን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩና ከታኅሣሥ 29 ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ዶሮ የሚታረደው በ28፣ እንጀራው በ27፣ ሽንኩርቱ በ26፣ እያልኩ እስከ ኅዳር ሞላሁት። ያምራል። በ25 ቢሮ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ ቀና ብላ ሳታየኝ «ዘንድሮ እኮ ገና በ28 ነው» አለች።

ይህን የማታውቁ ካላችሁ ያዙልኝ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት የሚመጣው ዘመን ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ያኔ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጽንሰቱ መጋቢት 29 ነው፣ ከዚያ እስከ ልደት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይቆጠራል። ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር በዓሉ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይውላል። የ2015 ጳጉሜን ስድስት ነበረች፣ ስለዚህ የ2016 ገና በ28 ዋለ። ቀጣዩ 2020 ነው። ስንት ዓመት ሳከብር ኖሬ ይህን ቀን ቆጥሬ የማላውቀው፣ ቀን ቆጥሬ ስለማላዘጋጅ ነው። ሰው ሲሯሯጥ አብሬ እሯሯጣለሁ፣ በቃ።

ሆኖም በዚያ ዓመት አንድ ቀን ጎድሎኝ እንኳ እንደ 2015 አልሆንኩም። የጎደለው ቀን ሥራ የእንጀራ ብቻ ነበር፣ ከሰፈር ገዛሁት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሥራው ከተበታተነ አንድ ቀን ቢጠፋ የሚጎዳው አንድ ነገር ነው። ሁሉም በአንድ ቀን ላይ ከተቆለለ ግን መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ በዓሉ ይጠፋል።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ።

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ከዚያ እስከ ገና ስድስት ሳምንት አለ። ድሮ ይህን ጊዜ የምጾመውና የምጠብቀው ብቻ ነበር። አሁን በየሳምንቱ አንድ ነገር እሠራበታለሁ። አንድ ብቻ። ሁለት ካደረግኩት አውቀዋለሁ፣ ሦስተኛ እጨምራለሁ፣ ከዚያ የድሮዋ ሴትዮ ተመልሳ ትመጣለች።

በርበሬ ከጾሙ በፊት ነው የሚያልቀው። ዛላውን ጥቅምት ላይ ገዝቼ፣ ቀንጥሼ፣ ደብረ ብርሃን ያለችውን የቀን ፀሐይ አሞቀዋለሁ። ማታ ማታ ታዲያ አስገቡት። ጥቅምትና ኅዳር እዚህ ሌሊቱ ሌላ አገር ነው። አንዴ ብርድ ልብስ አጥቤ ገመድ ላይ ረስቼው አድሬ፣ ጠዋት ላይ ውርጩ እንደ ጣውላ አድርቆት አገኘሁት፣ ባለቤቴ ግድግዳ ላይ ደግፎ አቆመውና ፎቶ አነሣው። ስለዚህ ከባድ እጥበት ካላችሁ አንድ ቅዳሜ አንድ ነገር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሰቅሎ አሥር ሰዓት ማውረድ። መጋረጃውን አንድ ሳምንት፣ የሶፋ ልብሱን አንድ ሳምንት። ቤት ማጽዳት ለበዓል ዋዜማ የሚሆን ሥራ አይደለም፣ ማንም እንግዳ ኮርኒስ አያይም።

ቅቤ በጾሙ መካከል ይገዛል። ይህን የነገሩኝ አማቴ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ከሰው ጋር ተሰልፌ በዋዜማው ስገዛ ኖሬያለሁ። በጾም ቅቤ የሚበላው ሰው ጥቂት ስለሆነ ገበያው ረገብ ይላል፣ ሻጯም ጊዜ አላት፣ ቅቤውን ታሸታላችሁ፣ ትከራከራላችሁ። በዓሉ ሲቀርብ ግን «ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?» ነው። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ እገዛለሁ፣ እሁድ ከሰዓት በኮረሪማና በኮሰረት አነጥረዋለሁ፣ በደንብ አጥልዬ በብርጭቆ ዕቃ አስቀምጠዋለሁ። የእኛ ብርድ ለአንዳንድ ነገር ጥሩ ነው፣ ቅቤ ሳይበላሽ ይከርማል። ችግሩ ሽታው ነው። በጾም ቅቤ ማንጠር ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ትልቁ ልጄ በዚያ እሁድ ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው፣ «እማዬ ስትጨርሺ ደውይልኝ» ብሎ።

ጠላ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ በዓሉ ሲቃረብ ጠንስሳ በአጭር ጊዜ ታደርሳለች። እኔ የእሷን ቀን ቆጥሬ ስጠነስስ ለገና የደረሰልኝ ጠላ ሳይሆን የጌሾ ውሃ ነበር። ቆላ ሙቀቱ ያፈላዋል። ደጋ ላይ ጋኑ ዝም ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ከቆላ ዘመድ የጠላ ቀን አትዋሱ። እኔ ጌሾውን የምጠነስሰው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ብቅሉንና ቂጣውን ስጨምር እንስራውን አሮጌ ዝተት አልብሼ ምድጃው ጥግ አስጠጋዋለሁ። እንኩሮው ከገባ በኋላ ክዳኑን ከፍቼ ማየት አቆማለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ማየት ስጀምር መጨነቅ እጀምራለሁ። ጠላ የጾም መጠጥ ስለሆነ መቅመስ ይቻላል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጠኑን ደግሞ ቀንሻለሁ። እናቴ ጋን ሙሉ ነበር የምትጠምቀው። እኔ ሃያ ሊትር አይሞላም። ቤቴ የሚመጣው ሰው ግማሹ ለስላሳ ነው የሚጠጣው፣ የቀረው ደግሞ የደብረ ብርሃን አረቄ ካለ ጠላውን ዞር ብሎ አያየውም።

አሁን ወደ ቁሌቱ። በዚህ ከአማቴ ጋር ሁለት ዓመት ተከራክረናል።

የዶሮ ወጥ አድካሚው ነገር ዶሮው አይደለም። ዶሮ መገንጠል ሞያ ይጠይቃል እንጂ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ መዘፍዘፍ ነው። አድካሚው ሽንኩርቱ ነው። እኔ ለአንድ ዶሮ ሦስት ኪሎ እቆጥራለሁ። መላጡ፣ መክተፉ፣ ከዚያ ያለ ዘይት ያለ ቅቤ ውሃው እስኪመጠጥና እስኪቀላ ማማሰሉ፣ ከዚያ በርበሬው ገብቶ ውሃ ጠብ እየተደረገ እስኪበስል። ይህ ሁሉ እስከዚህ ድረስ ጾም ነው! ቅቤ አልገባም፣ ሥጋ አልገባም። ታዲያ ለምን በ28 ይሠራል?

በ2017 ሞከርኩት። ሽንኩርቱን በ24 ማታ ከልጆቹ ጋር ቴሌቪዥን እያየን ላጥነው። በ25 ከተፍኩት። በ26 ቁሌቱን ሠራሁት። መብራት ባለበት ሰዓት፣ ተረጋግቼ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ ከተነሣሁ በኋላ። ከጾም መፍቻ ሰዓት በኋላ ስለነበር ጨውንና በርበሬውን ቀምሼ አስተካከልኩ። ይህ ለእኔ ትልቁ ግኝት ነው። በዋዜማው የሚሠራ ወጥ በጾም ስለሆነ አይቀመስም፣ ጨውን በሽታ ነው የምንመዝነው፣ ስንቱ ባለሞያ ያፈረው በዚያ ነው። ቁሌቱን ቀድማችሁ ከሠራችሁት ግን ቅቤው እስኪገባ ድረስ ምላሳችሁ ነፃ ነው። ከበረደ በኋላ በንጹሕ ድስት ከድኜ ፀሐይ የማያገኘው የዕቃ ቤት መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። እዚህ ከተማ በታኅሣሥ ያ መስኮት ማቀዝቀዣ ነው። ቆላ ያላችሁ ግን ይህን አታድርጉ፣ ፍሪጅ አስገቡት። በ28 ከሰዓት አንድ ጊዜ በደንብ አፍልቼ፣ ቅቤውን፣ ከዚያ ዶሮውን ጨመርኩ። አመሻሽ ላይ አለቀ።

አማቴ ሰምተው «የሦስት ቀን ቁሌት? እሱ ወጥ ነው ቅራሪ?» አሉ። ገና ዕለት በሉ። ዝም አሉ። ደግመው ጨመሩ። ስለ ጭስ የተነሣ ነገር የለም። እኔም አላነሣሁም።

ገንዘቡን በአጭሩ። ሰፈራችን ውስጥ አሥር ቤተሰብ ሆነን ለቅርጫ ከሐምሌ ጀምሮ በየደመወዙ እናዋጣለን። በሬው ሲገዛ ማንም ኪሱን አይዳብስም። የልጆች ልብስ በኅዳር ነው የማሰፋው፣ ታኅሣሥ ላይ ሰፊው ስልክ አያነሣም። ሌላው በየሳምንቱ አንድ ነገር ከተገዛ አንድ ደመወዝ ላይ አይወድቅም፣ ሁለት ደመወዝ ይካፈለዋል። ይኸው ነው።

የተውኳቸው ነገሮችም አሉ። የሐበሻ ጽድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በጥጥ ማስጌጥ የትንሿ ልጄ ሥራ ነው፣ እኔ እጄን አላስገባም፣ ተጣመመም ተጣመመ። ሁለተኛ ዓይነት አልጫ መሥራት ትቻለሁ። ከሁሉ የረዳኝ ግን እንግዳውን መከፋፈል ነው። በገና ዕለት ቤተሰብ፣ በማግስቱ ጎረቤት፣ የቢሮ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው እሁድ። ከገና እስከ ጥምቀት ሁለት ሳምንት አይሞላም፣ በዚያ መካከል የሚመጣ ሁሉ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ይችላል፣ ማንም ዘገያችሁ አይልም። ለመጥራት ድፍረት ያስፈልጋል መሰላችሁ እንጂ ሰው ራሱ ይደሰታል፣ እሱም በገና ዕለት ሦስት ቤት ሲዞር ሆዱ ሊፈነዳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሐዘን ላይ ላላችሁ፣ አራስ ለሆናችሁ፣ ወይም እንዲሁ ጉልበት ለከዳችሁ። ከላይ የዘረዘርኩትን እንዳታደርጉት። ድፎ ዳቦና ቡና ይበቃል። ዳቦውንም ካልቻላችሁ ጎረቤት ሳህን ይልካል፣ ተቀበሉ፣ በሌላ ዓመት ትመልሳላችሁ። እኔ የ2014ቷን ሳህን የመለስኩት በ2017 ነው። ጎረቤቴ ረስታዋለች፣ እኔ አልረሳሁም።

አሁን የበጉ ጉዳይ።

በ2018 ሁሉም ነገር እጄ ውስጥ ስለገባ ልቤ አበጠ። በርበሬ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ጠላው ተኝቷል። ታዲያ በግስ ለምን በዋዜማው ይገዛል? ዋጋው ሳይንር በታኅሣሥ መጀመሪያ ቅዳሜ ገበያ ሄድን፣ አንድ የመንዝ በግ፣ ላቱ የሚያምር፣ ፀጉሩ እንደ በርኖስ፣ ገዝተን መጣን። በጠቅላላ ሂሳቡ ትርፍ ነው አልኩ። ያልቆጠርኩት ትንሿን ልጄን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ድርቆሽ አበላችው። በሦስተኛው ቀን ስም አወጣችለት፤ «ጋቢ» አለችው፣ ነጭና ሙቅ ስለሆነ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ድምፅዋን ሰምቶ ይጮህ ጀመር። ብርድ ነው ብላ አሮጌ ሹራቧን አለበሰችው። ባለቤቴ ማታ ማታ እያየኝ ምንም አይልም፣ ግን ፊቱ «ስንት ቀን ቀረው?» ይላል። በ22 ላይ ልጅቷ «ገና ሲሆን ጋቢም ዳቦ ይበላል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ምን ይባላል? ሙክት ገዝታችሁ ቀስ ብላችሁ ማደለብ ጥሩ ዘዴ ነው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኔ ግን ከአሥር ዓመት በታች ልጅ ያለው ሰው በጉን ከሁለት ቀን በላይ ግቢው ውስጥ ባያሳድር እላለሁ። ወይ ዘመድ ጋ ያሳድር። እኛ ጋቢን በ23 መኪና ላይ ጭነን ጫጫ አማቴ ጋ ወሰድነው። «እዚያ ሣር አለ» አልናት። እውነት ነው፣ ሣር አለ። ለቅርጫው ደግሞ አንድ ቤተሰብ አዲስ አበባ ሊያከብር ስለነበር መደቡን ገዛንለት፣ ሥጋ አልጎደለብንም። ያ ዓመት ገና ረቡዕ ነበር የዋለው። ልደት ረቡዕም ሆነ ዓርብ ቢውል ይበላል፣ ጾም የለውም፣ አንዳንድ ሰው ደውሎ ስለጠየቀኝ ነው የምጽፈው።

ዋዜማውን ልንገራችሁና ልጨርስ። በ27 ማታ የድፎውን ሊጥ አቡክቼ በጋቢ ጠቅልዬ (በእውነተኛው ጋቢ) አሳደርኩት፣ በብርድ ሊጥ ቶሎ አይነሣም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስጡት። በ28 ከቀትር በኋላ ቁሌቱን አፍልቼ ዶሮውን ጨመርኩ፣ ጎን ለጎን ዳቦውን በኮባ ደፋሁት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጄ ባዶ ሆነ። ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ፣ ድስቱን ከፍቼ አየሁ፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። ማታ ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ከልጆቼ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴውን ሳላንቀላፋ አስቀደስኩ። ስንት ዓመቴ እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ግን በትዳር ከገባሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ወጡን ሳወጣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ባለቤቴ አጎረሰኝ። አላረረም።

ባለፈው ሳምንት አማቴ ደውለው ነበር። ሰላም ከተባባልን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ቁሌት፣ በርበሬውን በስንተኛው ቀን ነው ያልሽኝ የምታገቢው?» አሉ። ነገርኳቸው። ጋቢም ደህና ነው፣ ወፍሯል አሉኝ፣ ላቱ መሬት ሊነካ ነው። «ለፋሲካ ጥሩ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ። ልጅቷ አጠገቤ የቤት ሥራ እየሠራች ነበር። «እማማ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ሰላም ብለውሻል» አልኳት።